አማካዩ ደህና ነው፤ ቪዲዮው ለምን ይቆማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኢንተርኔት ትራፊክና የቪዲዮ ስርጭት ሒሳብ

ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል። አንዱ ጠያቂ የሚፈልገው ቪዲዮው እንዳይቆምበት ነው፣ ሌላው የመመረቂያ ጽሑፉን ማስተካከል። የሚሰናከሉት ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አማካይ ቁጥር ይዘው ይነሣሉ፣ ኔትወርኩ ደግሞ በአማካይ አይሠራም። የኋለኛው መልስ የፊተኛውን ስለሚጠቀም በተከታታይ ቢነበቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስፒድ ቴስት ስሠራ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ያሳየኛል። የማየው ቪዲዮ የሚፈልገው 3 ሜጋቢት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው በየጊዜው እየቆመ ክቡ የሚዞረው? ደግሜ ስለካው ያው 5 ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማጫወቻው ቪዲዮውን በቀጥታ ከመስመሩ እየቀዳ አያሳይዎትም። የግቢ ሮቶን ያስቡ፤ ውኃው በፈረቃ ይመጣል፣ ቤተሰቡ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠቀማል። ቪዲዮው ሰርቨሩ ላይ ከ2 እስከ 10 ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ማጫወቻው አንዱን ይጠይቃል፣ ወርዶ ሲያልቅ ባፈር በሚባለው ቋት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጠይቃል። ቋቱን በሜጋባይት ሳይሆን በሰከንድ ነው የምንለካው፤ ወርዶ ገና ያልታየ ስንት ሰከንድ አለ? ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፦

አዲሱ ቋት = የነበረው ቋት − ቁራጩ ለመውረድ የፈጀው ጊዜ + የቁራጩ ርዝመት

በቁጥር እንየው። ቁራጩ 6 ሰከንድ፣ ጥራቱ 3 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ አንዱ ቁራጭ 18 ሜጋቢት ነው። መስመሩ ለጊዜው ወደ 2 ሜጋቢት ቢወርድ አንዱን ለማውረድ 9 ሰከንድ ይፈጃል። ቋቱ ውስጥ 15 ሰከንድ ነበረ እንበል። በ9ኛው ሰከንድ 12 ይቀራል፣ በ18ኛው 9። በ27ኛው ሰከንድ ቋቱ ልክ ዜሮ ሲነካ ሦስተኛው ቁራጭ ይደርስለትና 6 ይሆናል። እነዚያ 6 ሰከንዶች በ33ኛው ያልቃሉ፤ አራተኛው ቁራጭ ግን የሚደርሰው በ36ኛው ነው። ክቡ ለ3 ሰከንድ ይዞራል።

ይህን በግምት የሚያሰላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 45 ሰከንድ ይላል፤ በየ9 ሰከንዱ 3 ከጎደለ 15ቱ የሚያልቁት በ45 ነው ብሎ። የዘነጋው ነገር አለ፤ ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳያልቅ በአብዛኛው ማጫወቻ አይታይም። ግማሹ የወረደ ቁራጭ ሮቶው በር ላይ የቆመ ቦቴ ማለት ነው፤ ውኃው አለ፣ ግን አይቀዳም። ለዚህ ነው የቁራጭ ርዝመት ለውጥ የሚያመጣው። በዚያው መስመር ቁራጩ 2 ሰከንድ ቢሆን ቪዲዮው የሚቆመው በ41ኛው ሰከንድ ነው፣ በ33ኛው ሳይሆን።

ታዲያ 5ቱ ሜጋቢት የት ሄደ? ስፒድ ቴስት ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ይመርጣል፣ ብዙ ግንኙነቶችንም በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ቪዲዮው ግን በአንድ ወይም በሁለት ግንኙነት፣ ምናልባትም ከሩቅ ሰርቨር ነው የሚመጣው። ቲሲፒ መረጃን ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች እየከፋፈለ የሚልክና የጠፋውን ደግሞ የሚልክ የኢንተርኔት አሠራር ነው። በቲሲፒ ግንኙነት ላይ ርቀትና የፓኬት መጥፋት ተባብረው ምን እንደሚያደርጉ እ.ኤ.አ. በ1997 ማቲስና ባልደረቦቹ በአጭር ቀመር አስቀምጠውታል፦

ፍጥነት ≈ 1.22 × የፓኬቱ መጠን ÷ (የደርሶ መልስ ጊዜ × የጠፋው ድርሻ ስኩዌር ሩት)

ፓኬቱ 1,460 ባይት፣ የደርሶ መልስ ጊዜው 150 ሚሊሰከንድ፣ የሚጠፋው ከመቶ አንድ ፓኬት ቢሆን ውጤቱ 0.95 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ነው። የገዙት መስመር 5 ይሁን 50 ለውጥ አያመጣም። መጥፋቱ ወደ ሺህ አንድ ቢወርድ 3 ሜጋቢት ይሆናል። መጥፋቱ ያው ከመቶ አንድ ሆኖ ሰርቨሩ ወደ 20 ሚሊሰከንድ ርቀት ቢቀርብ ደግሞ 7.1 ሜጋቢት ይደርሳል። ቀመሩ የቆየውን የቲሲፒ አሠራር ነው የሚገልጸው። ዛሬ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በነባሪ የሚጠቀመው ኪዩቢክ የተባለው የቲሲፒ ዓይነት ረጅም መስመር ላይ ይሻላል፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ቢቢአር ደግሞ በመጥፋት ብዙም አይደነግጥም። አቅጣጫው ግን ያው ነው፤ ሩቅ ሰርቨርና የሚንጠባጠብ ዋይፋይ አንድ ላይ ሲመጡ ቪዲዮ ይቆማል።

ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ወደ ቤትዎ ራውተር 100 ጊዜ ፒንግ (ትንሽ ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ) ያድርጉና ስንት እንደጠፋ ይቁጠሩ። ከዚያው ራውተር ጋር እንኳ ከመቶ አንድና ከዚያ በላይ ከጠፋ ችግሩ ዋይፋይዎ ነው። ገመድ ይሰኩ ወይም ራውተሩን ወደ ክፍሉ ያቅርቡ። እዚያ ምንም ካልጠፋ ቀጥለው ወደ ውጭ አድራሻ ይለኩ። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ቪዲዮውን በቀኝ ጠቅ አድርገው "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚለውን ይክፈቱ፤ "ባፈር ሄልዝ" የሚለው መስመር ቋቱን በሰከንድ ያሳያል። ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ጥራቱን በእጅዎ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። በድንገት ወድቆ በድንገት የሚነሣ ከሆነ ግን ጥራት መቀነሱ ብዙም አይረዳዎትም፤ ጥፋቱ መስመሩ ለአፍታ መቋረጡ ነው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቪዲዮዎች የሞባይል ማጫወቻ እየጻፍኩ ነው። አምስት የጥራት ደረጃዎች አሉኝ፦ 0.4፣ 0.8፣ 1.5፣ 3 እና 5 ሜጋቢት። ካለፉት አራት ቁርጥራጮች የፍጥነት አማካይ ወስጄ ነው የምመርጠው፤ ተጠቃሚዎች ግን ይቆማል ይላሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ የወሰዱት አማካይ ትክክለኛው ዓይነት አይደለም። አራቱ ልኬቶች 8፣ 8፣ 8 እና 1 ሜጋቢት በሰከንድ ቢሆኑ ተራው አማካይ 6.25 ነው፤ ማጫወቻዎ 5ቱን ይመርጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ 8 ሜጋቢት ከሆነ ግን የፈጁት ጊዜ 1፣ 1፣ 1 እና 8 ሰከንድ ነው። 32 ሜጋቢት በ11 ሰከንድ፣ ማለትም 2.9 ሜጋቢት። ይህ ሃርሞኒክ አማካይ የሚባለው ነው፤ የፍጥነቶቹን ግልባጭ ደምረው ቁጥራቸውን በድምሩ ያካፍላሉ። ከዚያ ውጤቱን በ0.8 ያባዙና ከዚያ በታች ያለውን ትልቁን ደረጃ ይምረጡ። 2.9 በ0.8 ሲባዛ 2.3 ነው፤ ስለዚህ 1.5።

ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ፍጥነትን መተንበይ ራሱ ደካማ ነገር ነው፤ ሞባይል ላይ ደግሞ ይብሳል። ቋቱን ራሱን ቢያዩ ያለ ትንበያ ብዙ ይነግርዎታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድና የኔትፍሊክስ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በእውነተኛ ተመልካቾች ላይ ሞክረው የመቆም ድግግሞሹን ከነበረው ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀንሰውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቋትዎ ቢበዛ 60 ሰከንድ ይይዛል እንበል። ከ12 ሰከንድ በታች ሲሆን ሁልጊዜ ዝቅተኛውን 0.4 ይምረጡ። ከ48 በላይ ሲሆን 5ን። በመካከሉ ቀጥ ያለ መስመር ይስመሩ። ቋቱ 30 ሰከንድ ላይ ከሆነ የመካከሉ እኩሌታ ላይ ነዎት፤ 0.4 + 0.5 × 4.6 = 2.7። ከ2.7 በታች ያለው ደረጃ 1.5 ስለሆነ እሱን ይወስዳሉ።

ከዚህ መስመር የሚያነቡት ቁጥር በ3 ዙሪያ ወዲያ ወዲህ ሲል ጥራቱ በየቁራጩ እንዳይዘል አንድ ልጓም ያስፈልጋል። አሁን ካሉበት ደረጃ የሚወጡት ይህ ቁጥር ቀጣዩን ደረጃ ሙሉ በሙሉ ሲሻገር ብቻ ይሁን። ተመልካች ዝቅ ያለ ግን የተረጋጋ ጥራት ይታገሣል፤ በየ6 ሰከንዱ የሚደበዝዝና የሚጠራ ሥዕል ግን ያሰለቸዋል። ሲጀመር ቋቱ ባዶ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቁርጥራጮች በፍጥነት ልኬት ይምረጡ፣ ከዚያ ለቋቱ ያስረክቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቦላ የተባለው ስልት ይህንኑ የቋት ሐሳብ በጠነከረ ሒሳብ ያስቀምጠዋል፤ በነጻ በሚገኘው የዳሽ ማጫወቻ ውስጥም ተሠርቶ አለ። ተዘጋጅቶ የሚገኘውን ኮድ መጠቀም ከቻሉ ከባዶ አይጻፉ።

ሁለት ወጥመዶች ይቀራሉ፤ ሁለቱም ሰዎች ሳያዩዋቸው ወራት የሚፈጁ ናቸው። "3 ሜጋቢት" የሚለው የቪዲዮው አማካይ ነው፤ ብዙ እንቅስቃሴ ያለበት ቁራጭ እጥፍ ሊመዝን ይችላል፣ ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር ያለበት ደግሞ ግማሽ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቁራጭ ትክክለኛ መጠን ከዝርዝር ፋይሉ አንብበው በሱ ያስሉ። ሁለተኛው፣ ቋቱ ሲሞላ ማጫወቻው ይቆምና ይጠብቃል። በዚያ ዕረፍት ቲሲፒ የደረሰበትን ፍጥነት ይረሳና ከታች ይጀምራል። ከዕረፍት በኋላ የለኩት የመጀመሪያ ቁራጭ ከእውነቱ ያነሰ ፍጥነት ያሳያል፤ ማጫወቻው ይህን አምኖ ጥራት ይቀንሳል፣ ቁርጥራጮቹ ያንሳሉ፣ ያነሰ ቁራጭ ደግሞ ፍጥነቱ ሳይነሣ ስለሚያልቅ ይበልጥ ያነሰ ልኬት ይሰጣል። እንዲህ እየተንሸራተተ እስከ 0.4 ይወርዳል። ሰርቨሩ የእርስዎ ከሆነ ከዕረፍት በኋላ ቀስ ብሎ መጀመሩን የሚያጠፋ የሊኑክስ ማስተካከያ አለ። ካልሆነ ከዕረፍት ቀጥሎ የመጣውን ልኬት ከሒሳቡ ያውጡት።

ቁርጥራጮቹን ማሳጠር ያድናል እንዳይሉ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የደርሶ መልስ ጊዜ ያባክናል። ቁራጩ በ3 ሰከንድ የሚወርድ ከሆነ 150 ሚሊሰከንድ 5 በመቶ ነው፤ በ9 ሰከንድ የሚወርድ ከሆነ ከ2 በመቶ በታች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ በሚቆም ሙሉ ምስል መጀመር ስላለበት፣ ባጠረ ቁጥር በዚያው ጥራት ይከብዳል። ለተቀረጸ ትምህርት ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ 40 ኮምፒውተር ያለበት የትምህርት ቤት ላብ ኃላፊ ነኝ። ተማሪዎች በ3 ሜጋቢት ጥራት ቪዲዮ ያያሉ። 120 ሜጋቢት መግዛት አቅማችን አይፈቅድም። ስንት ይበቃል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንደማይጠቀም ካወቁ 120 አያስፈልግዎትም። አንድ ተማሪ ከክፍለ ጊዜው 20 በመቶውን ብቻ ቪዲዮ ያያል እንበል፤ ይህን ከራውተርዎ ለሁለት ሳምንት ለክተው ያረጋግጡ። በአማካይ 8 ተማሪ በአንድ ጊዜ ያያል፤ 24 ሜጋቢት። 24 ከገዙ ግን ከጊዜው ግማሽ ገደማውን መስመሩ ሞልቶ ነው የሚውለው። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ያያል ወይም አያይም ብሎ በሚያሰላው የሁለትዮሽ ስርጭት ሒሳብ ከ14 በላይ ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚያይበት ዕድል 0.8 በመቶ ብቻ ነው። 14 × 3 = 42 ሜጋቢት። መስመርን እስከ አፉ መሙላት ስለማይመከር 42ቱን በ0.7 ያካፍሉት፤ 60 ሜጋቢት ይግዙ።

0.7 ከየት መጣ? 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመርና 1,250 ባይት ፓኬት ቢኖር አንዱ ፓኬት 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በቀላሉ የወረፋ ሞዴል መስመሩ በ50 በመቶ ሲጫን ፓኬቱ ወረፋውን ጨምሮ በአማካይ 2 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ80 በመቶ 5፣ በ90 በመቶ 10፣ በ95 በመቶ 20። ከ90 ወደ 95 የጨመረችው ትንሽ ጫና መዘግየቱን እጥፍ አደረገችው። ይህም ፓኬቶቹ በረጋ አመጣጥ ሲመጡ ነው። ቪዲዮ ደግሞ በጥድፊያና በዕረፍት ነው የሚመጣው፤ ወረፋው ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊረዝም ይችላል።

ላብዎ ቢያድግ ደስ የሚል ነገር አለ። ለ400 ኮምፒውተር በዚያው ሒሳብ፣ በ0.7 ከመካፈሉ በፊት፣ 99 ተማሪ፣ 297 ሜጋቢት ይበቃል። ለአንድ ኮምፒውተር 0.74 ሜጋቢት ማለት ነው፤ በ40ው ግን 1.05 ነበር። ሰው በበዛ ቁጥር ውጣ ውረዱ ይቻቻላል፤ ትልልቅ አቅራቢዎች አንዱን መስመር ለብዙ ሰው የሚሸጡት በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው ተማሪዎቹ ተመካክረው አይከፍቱም በሚል ግምት ላይ መሆኑን ግን አጥብቀው ይያዙ። መምህሩ "ይህን ቪዲዮ ክፈቱ" ባለበት ቅጽበት የሁለትዮሹ ስርጭት ይፈርሳል፤ 40ውም በአንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፣ 120ው ይመጣል። ቅዳሜ ማታ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ ሲተላለፍ በየሰፈሩ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለዚህ መፍትሔው መስመር መጨመር አይደለም። ቪዲዮውን ማታ አንድ ጊዜ አውርደው ላብ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡና ተማሪዎቹ ከዚያ ይዩት። ያ መንገድ በውስጥ ኬብል ስለሆነ ከኢንተርኔቱ አንድ ቢት አይወስድም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የቪዲዮ ትራፊክን ሲሙሌት አድርጌ የፓኬቶቹን አመጣጥ በፖይሰን ሞዴል ሠራሁ። አማካሪዬ "ይህ ለስልክ እንጂ ለኢንተርኔት አይሆንም" ብለው መለሱልኝ። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው? በምንስ ልተካው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። የፖይሰን ሞዴል፣ ማለትም እያንዳንዱ ክስተት ከሌላው ነጻ ሆኖ በዘፈቀደ ይመጣል የሚለው፣ ወደ ኔትወርክ የገባው በስልክ በኩል ነው። የኮፐንሃገን የስልክ ድርጅት ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ጥሪዎች በፖይሰን ሕግ እንደሚመጡ አሳየ፤ በ1917 ደግሞ ለስንት ጥሪ ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ የሚሰላበትን ቀመር አወጣ። ለስልክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ምክንያቱም ሺህ ሰዎች ሳይመካከሩ ይደውላሉ፣ የንግግራቸውም ርዝመት ከአማካዩ ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 ቤልኮር በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ኢተርኔት በሚባለው የውስጥ ኔትወርክ ኬብል ላይ የሚያልፈው ፓኬት ሁሉ በጥንቃቄ ተመዘገበ። ሌላንድ፣ ታቁ፣ ዊሊንገርና ዊልሰን በ1993 ያወጡት ውጤት ሙያውን አናወጠው። የፖይሰን ትራፊክን በአንድ ሰከንድ፣ ከዚያ በአሥር ሰከንድ፣ ከዚያ በመቶ ሰከንድ ብንደምረው ሥዕሉ እየለሰለሰ ይሄዳል። እውነተኛው ትራፊክ ግን በመቶ ሰከንድ ሲታይም በአንድ ሰከንድ እንደነበረው ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ1995 ፓክሰንና ፍሎይድ በረጅም ርቀት መስመሮችም ላይ ይህንኑ አሳዩ።

ይህን ጠባይ የምንለካበት ቁጥር ኸርስት ይባላል፤ ታሪኩ ደግሞ እርስዎ ካሉበት ከተማ ዳር ከሚወጣው ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው የውኃ ባለሙያ ኸርስት ግብፅ ውስጥ ለግድብ የሚሆን የናይልን የውኃ መጠን ያጠና ነበር፤ የዚያን ጎርፍ አብዛኛውን የሚያመጣው አባይ ነው። የደጋውን ዝናብ የሚከተለው ውኃ እንደ ሳንቲም ውርወራ ከዓመት ዓመት ነጻ አልነበረም። ጥሩ ዓመት ጥሩ ዓመትን፣ ድርቅ ድርቅን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት ነጻ ቢሆን 0.5 መሆን የነበረበት ቁጥር በአማካይ 0.73 ገደማ ወጣለት። የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮት በኋላ ለዚህ የዮሴፍ ክስተት የሚል ስም ሰጠው፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት አስታውሶ። በኢተርኔቱ ላይ የተለካው 0.8 እና ከዚያ በላይ ነው። ግድብ በአማካይ ዝናብ ብቻ እንደማይሠራ ሁሉ ቋትም በአማካይ ትራፊክ ብቻ አይሠራም፤ ተከታታይ ክፉ ጊዜያትን መቻል አለበት።

ልዩነቱ በቁጥር ይህ ነው። ትራፊኩን በ100 ተከታታይ ክፍሎች አማካይ ሲያወጡ በፖይሰን ቫሪያንሱ (የውጣ ውረዱ መለኪያ) 100 እጥፍ ይቀንሳል። ኸርስት 0.8 ሲሆን የሚቀንሰው 6.3 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሲሙሌሽን "ይህ ቋት ይበቃል" ሲል በተግባር ይሞላል።

ምንጩ ምንድን ነው? የፋይሎችና የእይታዎች ርዝመት። አብዛኛው ትንሽ ነው፣ ጥቂቱ ግን እጅግ ግዙፍ፤ ጅራተ ከባድ ስርጭት ይባላል፣ ዋና ምሳሌውም ፓሬቶ ነው። ዊሊንገርና ባልደረቦቹ እንዳረጋገጡት፣ ብዙ ምንጮች እየበሩና እየጠፉ ሲልኩ የመብሪያው ርዝመት ፓሬቶ ከሆነ ድምሩ ኸርስት = (3 − አልፋ) ÷ 2 ይሆናል፤ አልፋ የጅራቱን ክብደት የሚወስነው ቁጥር ነው፣ ባነሰ ቁጥር ጅራቱ ይከብዳል። አልፋ 1.4 ከሆነ 0.8 ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ይሥሩት። 100 ምንጮች ይፍጠሩ። እያንዳንዱ ሲበራ በ3 ሜጋቢት ይላክ፣ የሚበራበት ርዝመት ፓሬቶ በአልፋ 1.4፣ አማካዩ 1 ሰከንድ። የፓሬቶ አማካይ አልፋ × ዝቅተኛው ዋጋ ÷ (አልፋ − 1) ስለሆነ ዝቅተኛውን ዋጋ 0.286 ሰከንድ ያድርጉት። የሚጠፋበት ርዝመት አማካዩ 4 ሰከንድ የሆነ ኤክስፖኔንሻል ይሁን። አጠቃላይ አማካዩ 60 ሜጋቢት ይወጣል፤ ካልወጣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሒሳብ ጥቅል የሆነው ነምፓይ "ፓሬቶ" ብሎ የሚሰጠው ከዜሮ የሚጀምር ሎማክስ የሚባለውን ዘመዱን ነው። የመጣልዎትን ቁጥር 1 ደምረውበት በ0.286 ያባዙት። ይህን የዘለለ ሲሙሌሽን ይሠራል፣ ሥዕልም ያወጣል፣ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለካው።

የውጤቱን ኸርስት ለመለካት በየ10 ሚሊሰከንዱ ያለፈውን ባይት ይቁጠሩ። በ1፣ በ10፣ በ100፣ በ1,000 እና በ10,000 ክፍሎች አማካይ እያወጡ ቫሪያንሱን ያስሉ፣ የክፍሎቹን ቁጥርና ቫሪያንሱን በሎጋሪዝም ይሳሉ። የመስመሩ ቁልቁለት 1 ከሆነ ፖይሰን ነው፤ 0.4 ከሆነ ኸርስት 0.8። ትልቁ ክፍል 100 ሰከንድ ስለሆነ ቢያንስ 30 ክፍል እንዲኖርዎት ከ50 ደቂቃ ያነሰ ሩጫ ዋጋ የለውም፤ ለጥንቃቄ ብዙ ሰዓት ያስሩጡት። በእውነተኛ መረጃ ላይ ከሠሩት ደግሞ የማታው ሰዓት ጫና ብቻውን ቁጥሩን በሐሰት ያሳድገዋል፤ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ቁራጭ ይውሰዱ ወይም ዌቭሌት በሚባለው፣ ትራፊኩን በተለያየ የጊዜ ስፋት በሚለየው የሒሳብ ዘዴ ይለኩ።

ትዕግሥትም ያስፈልግዎታል። በተራ ስርጭት ውጤትን 10 እጥፍ ለማጥራት 100 እጥፍ ናሙና ይበቃል። በአልፋ 1.4 ከ3,000 እጥፍ በላይ፣ በአልፋ 1.2 ደግሞ ሚሊዮን እጥፍ ይጠይቃል። ቫሪያንሱ ወሰን ስለሌለው የተለመደው የመተማመኛ ክልልም አይሠራም። አንድ ጊዜ አስሩጠው አማካይ አይጻፉ፤ በ20 የተለያየ መነሻ ቁጥር ያስሩጡና ሁሉንም ውጤት በሥዕል ያሳዩ።

ፖይሰንን ግን ሙሉ በሙሉ አይጣሉት። ሰዎች አዲስ ቪዲዮ የሚጀምሩበት ቅጽበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲታይ በፖይሰን ጥሩ ሆኖ ይገለጻል፤ ሰዎቹ አይመካከሩምና። የሚፈርሰው ፓኬቶቹ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ የተመዘገበ ትራፊክን እንዳለ መልሶ መልቀቅ። ሲሙሌሽንዎ ውስጥ መስመሩን በግማሽ ቢቀንሱት መዝገቡ ያንኑ ባይት ይለቃል። እውነተኛ ማጫወቻ ግን ጥራቱን ይቀንሳል፣ ቲሲፒም ይዘገያል። ስለዚህ ተመልካቹን በፖይሰን ያስገቡ፣ የሚያይበትን ርዝመት በፓሬቶ ይስጡ፣ ማጫወቻውን ከላይ እንደጻፍነው በቋትና በደረጃ ይገንቡ፣ ፓኬቶቹን ለቲሲፒው ይተዉ። ያኔ ትራፊኩ ራሱ ይወለዳል።

ጥያቄ፦ 10,000 ቪዲዮዎች አሉን። ሁሉንም በቅርብ ሰርቨር ለማስቀመጥ ቦታ የለንም። ስንቱን እናስቀምጥ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ የቪዲዮ ተወዳጅነት ዚፍ የሚባለውን ሕግ ይከተላል፤ አሥረኛው ከአንደኛው በግምት አሥር እጥፍ ያነሰ ይታያል። በዚህ ሕግ 100ውን ታዋቂዎች ብቻ ካስቀመጡ 53 በመቶው ጥያቄ በቅርብ ይመለሳል፤ 1,000 ካስቀመጡ 76 በመቶው። ነገር ግን የሕጉን አርቢ (ተወዳጅነቱ በየደረጃው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ የሚወስነውን ቁጥር) ከራስዎ መዝገብ ይለኩ። ከ1 ወደ 0.8 ቢወርድ 100ዎቹ የሚሸፍኑት 30 በመቶ ብቻ ነው፣ 1,000ዎቹ 57። ዝርዝሩንም በየሳምንቱ ያድሱት፤ አዲስ ቪዲዮ በመጀመሪያ ቀናቱ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ካለችው ልጄ ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ታናሽ ወንድሟ ፋይል መጫን ከጀመረ ድምፅዋ ሰከንዶች ዘግይቶ ይመጣል። አይቋረጥም፣ ይዘገያል። (ከደሴ)

መልስ፦ "አይቋረጥም፣ ይዘገያል" ማለትዎ ምርመራውን ጨርሶታል። ራውተርዎ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሞደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ትልቅ የወረፋ ቦታ አለ። መጫኛዎ 2 ሜጋቢት ቢሆንና ወረፋው 1 ሜጋባይት ቢይዝ፣ የልጅዎ ወንድም ፋይል ወረፋውን ሲሞላው የእርስዎ ድምፅ 8 ሜጋቢት እስኪያልፍ፣ ማለትም 4 ሰከንድ ይጠብቃል። እርሷም ዘግይቶ የደረሳትን ሰምታ ነው የምትመልስልዎ፤ ለዚህ ነው የእሷ ድምፅ የዘገየ የሚመስለው። ለተመቸ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ነው የሚመከረው።

ራውተርዎ "ስማርት ኪው" ወይም "ኤስኪውኤም" የሚል ማስተካከያ ካለው ያብሩትና የመጫኛውን ገደብ ከተለካው ፍጥነት 90 በመቶ ላይ ያድርጉት። 2 ሜጋቢት ከሆነ 1.8 ይጻፉ። እንዲህ ሲሆን ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ራውተርዎ ውስጥ ይሠራል፤ ራውተሩም የድምፁን ትንንሽ ፓኬቶች ከፋይሉ ፊት ያሳልፋል። ማስተካከያው ከሌለው የልጅዎን ወንድም የመጫኛ ፕሮግራም በ1 ሜጋቢት ይገድቡት። ፋይሉ ይዘገያል፣ ንግግሩ ግን ይጠራል።